«የድሮ ፊልም ይደብራል» ለሚል ሰው ፊልም እንዴት ይመረጣል? ከደሴ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ሰው «እስኪ ደህና የድሮ ፊልም ጠቁመኝ» ሲላችሁ ሃያ ስም ደርድራችሁ በቴሌግራም ብትልኩለት አንዱንም አያየውም። ሊስቱ ስልኩ ውስጥ ይቀራል፣ ማታ ቁጭ ሲል ያው የለመደውን ድራማ ነው የሚከፍተው። የድሮ ፊልም በስም ብቻ አይሰጥም፣ ለማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር፣ በምን ቋንቋ የሚለው ታስቦበት ነው የሚሰጠው። ስለዚህ አንድ ብቻ ምረጡ፣ እሱን በደንብ አዘጋጁት፣ አብራችሁም ተቀመጡ። ከዚህ በታች የምጽፈው ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኑ ሐይቅ፣ ቤት ውስጥ ከቤተሰብ ጋር እንዴት እንደሚደረግ ነው። የፊልሞቹ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ዓ.ም. ያልኩበት ብቻ በኛ።

1. ከፊልሙ በፊት ሰውየውን ጠይቁት

ሦስት ነገር ነው የሚጠየቀው። መጨረሻ የወደድከው ፊልም ምን ነበር፣ ከስር የሚጻፈውን እያነበብክ ማየት ይመችሃል ወይ፣ ከማን ጋር ነው የምታየው። የመጀመሪያው ጣዕሙን ይነግራችኋል፣ ሁለተኛው ግማሹን ፊልም ከምርጫ ያስወጣላችኋል፣ ሦስተኛው ግን እኛ ጋ ከሁሉም ይበልጣል። ምክንያቱም አብዛኛው ቤት ቲቪው አንድ ነው ሳሎኑም አንድ ነው፣ እማማ አሉ፣ ትንንሽ ልጆች አሉ፣ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይገባል፣ ሼኽ የሆኑ አጎት ወይ የንስሐ አባት ድንገት ሊመጡ ይችላሉ። እንዲህ ባለ ቤት አንድ የሚያሳፍር ትዕይንት ብቅ ካለ የሪሞት ፍለጋ ይጀመራል፣ ከዛ በኋላ ፊልሙ ምንም ያህል ቢያምር ማንም ልቡን አይመልስለትም።

እዚህ ላይ የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። ሆሊውድ ከ1934 እስከ 1968 ፊልም ላይ ምን ይታያል ምን አይታይም የሚል ጥብቅ ደንብ ነበረው፣ ሄይስ ኮድ ይሉታል። በነዛ ዓመታት የተሰራ የአሜሪካ ፊልም ስትመርጡ ለቤተሰብ የሚያስፈራ ነገር እምብዛም አይገጥማችሁም። በ1968 ደንቡ ቀርቶ በዕድሜ መመደብ ተተካ፣ ስለዚህ ከዛ ወዲህ ያለውን ሁሉ ቀድማችሁ ብቻችሁን እዩት። ይሄ የማይዘለል ስራ ነው፣ ሰው ፊት የምታቀርቡትን ፊልም እናንተ አስቀድማችሁ ያላያችሁት እንዳይሆን።

2. ጽሁፍ ማንበብ የማይችል ወይ የማይወድ ሰው ካለ፣ ንግግር ከሌለው ጀምሩ

ብዙ ሰው ቻርሊ ቻፕሊንን የልጆች ማሳቂያ አድርጎ ነው የሚያስበው፣ እኔ ግን የድሮ ፊልም በር እሱ ነው ባይ ነኝ። ትርጉም አይፈልግም። ፊደል ያልቆጠሩ አያትና የአምስት ዓመት ልጅ እኩል የሚረዱት ነገር ከዚህ ሌላ ብዙ የለም።

«ዘ ኪድ» (1921) አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ድሃ ሰውዬ መንገድ ላይ ተጥሎ ያገኘውን ህፃን ያሳድጋል፣ ልጁ ሲያድግ መስኮት በድንጋይ እየሰበረ ይሮጣል፣ አሳዳጊው ደሞ መስታወት ተሸክሞ እንደ ድንገት በዛ በኩል ያልፍና ይጠግናል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፣ ከዛ የህፃናት ማሳደጊያ ሰዎች ልጁን ሊወስዱት ሲመጡ ያው የሳቀው ሰው ሁሉ ዝም ይላል። የጣሪያ ላይ ሩጫውን ጠብቁ። ልጁን ሆኖ የሚሰራው ጃኪ ኩገን ነው፣ የዛ ህፃን ለቅሶ እስካሁን ያንሰፈስፈኛል። አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብት ጊዜው ስላለፈ በህጋዊ መንገድ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የተቀመጠ ኮፒ ታገኛላችሁ።

«ሲቲ ላይትስ» (1931) ደሞ ለትልልቆቹ። ድምፅ ያለው ፊልም በ1927 ተጀምሮ ሁሉም ወደዛ ሲጎርፍ ቻፕሊን አልናገርም ብሎ ዝም ያለ ፊልም ሰራ፣ ሙዚቃውንም ራሱ ደረሰው። አበባ ሻጭ የሆነች ማየት የተሳናት ልጅ ሀብታም ነው ብላ ታስበዋለች፣ እሱ ደሞ የሚበላውም የለው። የቦክስ ግጥሚያው ላይ ልጆች ከሶፋ ይወድቃሉ። መጨረሻውን ለማንም እንዳትናገሩ፣ በጣም ነው የምለምናችሁ።

በየመሃሉ አጭር አጭር የእንግሊዝኛ ጽሁፍ ብቅ ይላል፣ የሚያነብ ልጅ ካለ ጮክ ብሎ በአማርኛ እንዲናገር ስራውን ስጡት፣ ልጁም ደስ ይለዋል ፊልሙም አይቆረጥም።

3. ከወደደው ነገር ተነስታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ

ይሄ ለወጣቱ ነው። አክሽን የሚወድ ልጅን ቀጥታ ወደ ጥቁርና ነጭ ጃፓንኛ ፊልም ብትወስዱት ያኮርፋል፣ በደረጃ ከወሰዳችሁት ግን ራሱ ይጠይቃችኋል።

ለምሳሌ የህንድ ፊልም ወዳድ ከሆነ (ወሎ ውስጥ ደሞ የህንድ ፊልም የማይወድ ቤት ጥቂት ነው) ከ«ሾሌ» (1975) ጀምሩ። አሚታብ ባቻንና ዳርሜንድራ ሁለት ጓደኛሞች ሌቦች ናቸው፣ አንድ የቀድሞ ፖሊስ መንደሩን የሚያስጨንቀውን ጋባር ሲንግን ይዘው እንዲያመጡለት ይቀጥራቸዋል። ጋባርን የሰራው አምጃድ ካን ነው፣ ዛሬም እንደሱ የሚያስፈራ ክፉ ሰው ብዙ አላየሁም። ዘፈን አለ፣ ሳቅ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል ግን አይታወቅም።

ያን ከወደደ በሳምንቱ «ዘ ጉድ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ» (1966) ስጡት። የሰርጂዮ ሊዮኔ ነው፣ ሙዚቃው የኤንዮ ሞሪኮኔ፣ ያቺን ፉጨት ፊልሙን ያላየ ሰው ራሱ ያውቃታል። መጀመሪያ ላይ አስር ደቂቃ ያህል አንድም ቃል አይነገርም፣ ፊትና ንፋስ ብቻ ነው፣ ይሄን ቀድማችሁ ንገሩት አለበለዚያ ድምፁ ተበላሸ ብሎ ይነካካዋል። መጨረሻ ላይ ሦስቱ ሰዎች መቃብር መሃል የሚቆሙበት ትዕይንት አለ፣ እዛ ጋ ስልክ የሚያይ ሰው አይኖርም።

ከዛ በኋላ ነው «ሰቨን ሳሙራይ» (1954)። የአኪራ ኩሮሳዋ። 207 ደቂቃ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጃፓንኛ ነው፣ እና እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የማስበልጠው ይሄን ነው። ሽፍቶች መኸር ሲደርስ መጥተው የሚዘርፉት መንደር አለ፣ ገበሬዎቹ ሽማግሌ ሲያማክሩ የተራበ ጦረኛ ፈልጉ ይሏቸዋል፣ የሚከፍሉት ሩዝ ብቻ ነው፣ እነሱ ራሳቸው ያንን ሩዝ ሳይበሉ። ከራያ ሜዳም ይሁን ከቦረና ከገጠር የመጣ ሰው ይሄን ፊልም ሲያይ ከከተማው ልጅ ቀድሞ ነው የሚገባው፣ አዝመራ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃላ። አሜሪካኖች በ1960 «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» ብለው በካውቦይ መልክ ሰርተውታል፣ «ሾሌ»ንም ያየ ሰው ዝምድናው ወዲያው ይታየዋል። ፊልሙ ራሱ መሃሉ ላይ እረፍት አለው፣ እዛ ጋ እራት አቅርቡ።

4. የቤቱን ታሪክ አስቡ

ፊልም ጥሩ ስለሆነ ብቻ ለሁሉም ቤት አይሆንም። አራት ፊልም ልጥቀስና እንዴት እንደማስብ ላሳያችሁ።

«ዘ ሜሴጅ» (1976)፣ የሙስጠፋ አል አቃድ፣ የእስልምና አነሳስ ታሪክ ነው፣ ነቢዩ አይታዩም ድምፃቸውም አይሰማም፣ ካሜራው በዙሪያቸው ያሉትን ነው የሚያሳየው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲያየው የምፈልገው በነጋሺ ክፍል ምክንያት ነው። ከመካ የተሰደዱት ሰዎች ሐበሻ ንጉሥ ፊት ይቆማሉ፣ ጃዕፈር ስለ መርየም የወረደውን ያነባል፣ ንጉሡ በበትሩ መሬት ላይ መስመር ያሰምርና በእናንተና በእኛ መሃል ያለው ልዩነት ከዚህች መስመር አይወፍርም ይላል። አባት ሙስሊም እናት ክርስቲያን በሆኑበት ቤት፣ ደሴ ደሞ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል፣ ይሄን ሲያዩ የሚሆነውን ማየት በራሱ ሌላ ነገር ነው። ልብ በሉ፣ ፊልሙ ሁለት ነው፣ አንዱ እንግሊዝኛ በአንቶኒ ክዊን፣ ሌላው ዓረብኛ በዓረብ ተዋንያን፣ በአንድ ቦታ ጎን ለጎን የተቀረጹ። ዓረብ ሀገር የኖረ ዘመድ ካለ ዓረብኛውን አምጡ፣ እሱ ይተረጉምላችኋል። የዒድ ሰሞን ወይ መውሊድ ከሰዓት በኋላ ተስማሚ ነው።

የዛው የአል አቃድ ሌላ ፊልም «ላየን ኦፍ ዘ ዴዘርት» (1981) ነው። ኡመር ሙኽታር፣ የቁርዓን አስተማሪ የነበሩት የሊቢያ አርበኛ፣ ጣሊያን በ1931 የሰቀላቸው። ጠላታቸው ማን መሰላችሁ፣ ግራዚያኒ። ያው የየካቲት 12ቱ ግራዚያኒ፣ እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት እዛ ያደረገውን ታያላችሁ። ጣሊያን ፊልሙን በ1982 ከልክላው ነበር። ደሴ ራሷ በኅዳር 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አይሮፕላን የተደበደበች ከተማ ናት፣ ስለዚህ አያቶች ባሉበት ቤት ይሄ ፊልም ሲያልቅ ወሬው አያልቅም፣ በማግስቱ ስራ በሌለበት ቀን አሳዩት።

«ቱዌልቭ አንግሪ ሜን» (1957) ሽምግልና ለሚቀመጥ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ተዘግተው አባቱን ገደለ የተባለ ልጅ ጥፋተኛ ነው አይደለም ይወስናሉ፣ አስራ አንዱ ነው ይላሉ አንዱ ብቻ እስኪ እንነጋገር ይላል። 96 ደቂቃ ሙሉ ከሞላ ጎደል ከዛ ክፍል አይወጣም። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት ካሜራውን መጀመሪያ ከፍ አድርጎ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ታች አወረደው፣ ሌንሱንም ስለቀያየረ ክፍሉ እየጠበበ ይመጣል፣ ለምን እንደታፈናችሁ ሳታውቁት ትታፈናላችሁ። የአበጋር ሽምግልና (የወሎን ባህላዊ እርቅ) ያዩ አዛውንቶች ይሄን ሲያዩ እያንዳንዱን ሰውዬ «ይሄ እከሌን ይመስላል» እያሉ ነው የሚጨርሱት። ግን ሙሉ በሙሉ ንግግር ስለሆነ ተርጓሚ ግዴታ ነው፣ እሱን ከታች እመጣበታለሁ።

አራተኛው «ብላክ ገርል» (1966)፣ የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን፣ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ። ዲዋና የምትባል ልጅ ከዳካር ፈረንሳይ ትሄዳለች፣ ልጅ ልትጠብቅ መስሏት የቤት ሰራተኛ ትሆናለች፣ ከአራት ግድግዳ አትወጣም፣ ደብዳቤዋን ራሱ ሰው ነው የሚጽፍላት። ከወሎ ስንት እህቶቻችን ዓረብ ሀገር እንደሄዱ የምታውቁት ነው። ይሄን ፊልም ሊሄዱ ለሚያስቡ ልጆችና ለሚልኳቸው ወንድሞች አሳዩ፣ ልጇ አሁን እዛ ላለች እናት ግን በፍጹም አታሳዩ። መጨረሻው በጣም ከባድ ነው፣ እሷ ለሊቱን እንቅልፍ አይወስዳትም። ፊልም መምረጥ ማለት አንዳንዴ ይሄን ያህል መጠንቀቅ ነው።

ለእናቶች ይልቅ «ማዘር ኢንዲያ» (1957)። ናርጊስ፣ ረሃብ፣ ጎርፍ፣ አራጣ አበዳሪ፣ ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ ሴት። ሶፍት አዘጋጁ።

5. የኛን እንዳትረሱ

የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. የወጣ ነው፣ ካገኛችሁት የድሮውን አዲስ አበባ፣ አለባበሱንና አነጋገሩን ለማየት ብቻ እንኳ ይበቃል።

ለኔ ዋናው ግን የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) ነው። አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን እዚሁ ሀገር ውስጥ የተቀረጸ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ጭሰኛ ቤተሰብ አለ፣ ባለርስት አለ፣ መሬቱን የተቀማ እብድ የሚሉት ከበበ አለ። ቀርፋፋ ነው፣ እረሻ በእረሻ ልክ ነው የሚታየው፣ እረኛዋ ከብቶቿን ይዛ ስትሄድ እስክትደርስ ትጠብቃላችሁ። የከተማ ልጅ አስራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ መቁነጥነጥ ይጀምራል፣ በሞፈርና ቀንበር ያደገ ሰው ግን አይኑን አይነቅልም። ስለዚህ ይሄን ፊልም ለልጆች ከማሳየት በፊት ከአንድ የገጠር አባት ጋር እዩት፣ እሳቸው የሚሉት ነገር ፊልሙን ያበራላችኋል። የኃይሌ «ጤዛ» (2008) ደሞ በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘ ነው፣ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ስለ ወሎ የተቀረጹ የረሃብ ፊልሞች አሉ። ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 የሰራው «ዘ አንኖውን ፋሚን» የ66ቱን ድርቅ ለዓለም ያሳየ ነው፣ ደርግም ከንጉሡ ግብዣ ምስሎች ጋር ቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየው፣ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። በ1977 ዓ.ም. ደሞ መሐመድ አሚን በካሜራው፣ ማይክል በርክ በዘገባው ከቆረም ያስተላለፉት አለ፣ ቆረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ስር ነበረች። ወጣት የሆነ ወሎዬ እነዚህን ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም የኛ ሰዎች ናቸው፣ ስም የነበራቸው። ግን እንደ ፊልም ምሽት አይታዩም። ያንን ጊዜ ያለፉ ሰዎች ባሉበት ቤት ሳይጠየቅ አይከፈትም፣ ቡና ላይም አይከፈትም። መጀመሪያ ጠይቋቸው፣ እሺ ካሉ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ አቁም ሲሉ አቁሙ። እምቢ ካሉም ብቻችሁን እዩት።

6. ኮፒውን አጣሩ

ብዙ ጊዜ ሰው የድሮ ፊልም የሚጠላው ኮፒው የተበላሸ ስለሆነ ነው። ፍላሽ ላይ ሲጫንላችሁ ርዝመቱን አረጋግጡ፣ «ሰቨን ሳሙራይ» ሁለት ሰዓት ተኩል ከሆነ ተቆርጧል። ቀለም የተቀባ ጥቁርና ነጭ ፊልም አትቀበሉ፣ ፊቱን ሁሉ የታመመ ያስመስለዋል።

የብዙ የድሮ ፊልም ምስል ወደ ካሬ የቀረበ ነው፣ በቲቪው ግራና ቀኝ ጥቁር ቦታ ይቀራል፣ ልክ ነው ተዉት። በሪሞት ለጥጣችሁ ስክሪኑን ከሞላችሁት ሰው ሁሉ ፊቱ ይሰፋል።

የጽሁፍ ፋይሉ (ኤስአርቲ የሚባለው) ስሙ ከፊልሙ ስም ጋር አንድ አይነት ይሁን፣ አንድ ፎልደር ውስጥም ይቀመጥ፣ ያኔ ቲቪው ራሱ ያነበዋል። ጽሁፉ ከንግግሩ ከቀደመ ወይ ከዘገየ ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ ከፍታችሁ ጂ እና ኤች የሚሉትን ቁልፎች እየተጫናችሁ ታስተካክላላችሁ። ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ስለዚህ ሲጫን አልገባም ቢላችሁ ፍላሹ ሞላ ማለት ላይሆን ይችላል። ሁሉንም ደሞ ቀን ላይ በራሱ በዛው ቲቪ ሞክሩት፣ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ አይደለም።

7. ተርጓሚው

የአማርኛ ጽሁፍ ያለው የድሮ ፊልም ብዙ አይገኝም፣ ስለዚህ አንድ ሰው መተርጎም አለበት። እኛ በቪዲዮ ቤት ትርጉም ያደግን ሰዎች ለዚህ አዲስ አይደለንም። ዋናው ነገር ሁሉንም አለመተርጎም ነው። ፊት የሚናገረውን ለፊት ተዉት፣ ሰው ሲያለቅስ «አዘነ» አትበሉ። ከመጀመሩ በፊት ማን ማን እንደሆነ በአጭሩ ተናገሩ፣ ከዛ በየንግግሩ መጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃ። ንግግር የበዛበት ፊልም ከሆነ ፖዝ አድርጋችሁ ተናግራችሁ ቀጥሉ፣ «ቱዌልቭ አንግሪ ሜን»ን እንዲህ ስታሳዩ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል፣ ችግር የለውም፣ በየመሃሉ ሰው መከራከር ይጀምራል እና ያ ነው የሚፈለገው። ተርጓሚው ፊልሙን ቢያንስ ሁለቴ ያየ ይሁን።

8. የምሽቱ አደራረግ

ረጅም ፊልም ከሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት አታሳልፉ፣ የደሴ ብርድ ከ3 ሰዓት በኋላ ሰውን ወደ አልጋ ይጠራዋል። ጋቢና ብርድ ልብስ ሶፋው ላይ ይኑር። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ፊልሙ እሱም ላይ ይጫን። ስፒከር ካላችሁ በገመድ አገናኙት፣ ብሉቱዝ አንዳንዴ ድምፁን ከአፍ ያዘገየዋል።

ቡናውን ከፊልሙ ጋር አስማሙት። አቦሉ ሳይጀመር ይጠጣ፣ ቶናው መሃል እረፍት ላይ፣ በረካው ሲያልቅ። ቡና የምታፈላው ሰው ጀርባዋን ለቲቪ ሰጥታ እንዳትቀመጥ ረከቦቱን ቦታ ቀይሩት፣ ይሄን ብዙ ቤት ይረሳዋል፣ ፊልሙን ያላየችው እሷ ብቻ ትሆናለች።

ስታስተዋውቁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ ስለማን እንደሆነና ለምን ለነሱ እንደመረጣችሁት። «በዓለም አንደኛ ነው፣ ስንት ሽልማት ወስዷል» አትበሉ፣ ሰው እንደ ፈተና ነው የሚቀመጠው። እያያችሁ ፊታቸውን አትመልከቱ። አንድ ሰው ቢተኛ ተዉት።

ሲያልቅ «እንዴት ነው?» ብላችሁ ወዲያው አትጠይቁ፣ በረካው እስኪቀዳ ጠብቁ፣ ራሳቸው ይጀምራሉ። ስለ አንድ ሰውዬ ካወሩ (ስለ ጋባር፣ ስለ ኡመር ሙኽታር) ቀጣዩን በዛ ተዋናይ ወይ በዛ አይነት ሰው ምረጡ። ስለ ቦታውና ስለ ኑሮው ካወሩ ደሞ ወደ ጣሊያኑ «ባይስክል ቲቭስ» (1948) ውሰዷቸው፣ ስራ ሊያገኝ ሳይክል ግዴታ የሆነበት ድሃ አባት ሳይክሉ ተሰርቆ ከትንሽ ልጁ ጋር ሮምን ሙሉ ሲዞር፣ አባትየውን የሰራው ሰው ደሞ ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሰራተኛ ነበር፣ ባጃጁ እንጀራው የሆነ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይሄ ፊልም የሱ ነው። ምንም ካላሉ፣ ዝም ካሉ፣ አብሽሩ፣ ሁለት ሳምንት አሳልፉና አጭር የሚያስቅ ነገር አምጡ፣ ከቻፕሊን ያልታየው ይኖራል።